ከመኪናው መውረድ ያቃተው ፖሊስ

የሞባይል ስልክ ታሪክ ሲነገር ሁሌም የሚጀመረው ከኒውዮርክ ነው። ኤፕሪል 3 ቀን 1973፣ ስድስተኛው ጎዳና ላይ፣ ሂልተን ሆቴል አጠገብ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ማርቲን ኩፐር የተባለ የሞቶሮላ መሐንዲስ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ስልክ ጆሮው ላይ ደግኖ ይደውላል። የደወለው ለቤተሰቡ አይደለም። ለአለቃውም አይደለም። ለተፎካካሪው ነው፤ የስልክ ድርጅቱ የኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ተቋም በሆነው ቤል ላብስ ውስጥ ተመሳሳዩን ሥራ ይመራ ለነበረው ለጆኤል ኤንግል። በእጄ ከያዝኩት ስልክ ነው የምደውልልህ ብሎ ነገረው። ነገር ፍለጋ ነው እንግዲህ። ኩፐር እንደሚለው ኤንግል ያንን ጥሪ አያስታውሰውም። እኔም ብሆን አላስታውሰውም ነበር።

ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን ታሪኩ እዚያ አይጀምርም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሞባይል ስልክ የተጠነሰሰው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ቺካጎ ውስጥ፣ በእግሩ የሚዞር ፖሊስ ወገብ ላይ ነው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የእጅ ሬዲዮ የሚሸጥ፣ የሚገጥምና የሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ደንበኞቻችን ሆቴሎች፣ የጥበቃ ድርጅቶችና የሕንፃ ተቋራጮች ነበሩ። የጥበቃ ኃላፊ ሬዲዮ ሊገዛ ሲመጣ ስለ ድምፅ ጥራት አይጠይቅም። ስለ ቻናል ብዛትም ግድ የለውም። የመጀመሪያ ጥያቄው "ምድር ቤት ይሠራል?" ነው። ሁለተኛው "ባትሪው ያድራል?" ነው። ሌላው ሁሉ የሻጭ ወሬ ነው። በኋላ ስለ ኩፐር ሳነብ የገረመኝ ይኸው ነው። ሰውዬው ስንት ዓመት የለፋው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ ነው ማለት ይቻላል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ፖሊስና ሬዲዮን ካገናኙት ከተሞች ቀዳሚዋ ዲትሮይት ናት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ ፖሊስ የራሱ ጣቢያ ነበረው። የሚያስቀው ግን ፈቃዱ የመዝናኛ ጣቢያ ፈቃድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስለተሰረቀ መኪና ከመናገሩ በፊትና በኋላ ሙዚቃ ማሰማት ነበረበት። ሥርዓቱ በወጉ ሥራ የጀመረው በኤፕሪል 1928 ነው። ያውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ማዕከሉ ይናገራል፣ መኪናው ውስጥ ያለው ፖሊስ ያዳምጣል። መልስ መስጠት ካለበት ወርዶ ስልክ ይፈልጋል። "ሰምቻለሁ" ለማለት እንኳ።

መኪናውም መናገር የቻለው በ1933 ነው፤ ቤዮን በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማ። ሞቶሮላ፣ ያኔ ስሙ ጋልቪን ማኑፋክቸሪንግ ነበር፣ በ1936 ለፖሊስ መኪና የሚሆን ሬዲዮ ይዞ ብቅ አለ። ያኔ ትልቁ ጠላት የመኪናው ሞተር ራሱ ነበር። ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ሬዲዮው ውስጥ ይንጫጫል። መፍትሔው የመጣው ከኤፍ.ኤም. ነው። ዳንኤል ኖብል የተባለ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1940 ለግዛቲቱ ፖሊስ ባለሁለት አቅጣጫ የኤፍ.ኤም. ሥርዓት ዘረጋ። ጫጫታው ወደቀ፣ ድምፁ ጠራ። በዚያው ዓመት ኖብል ወደ ጋልቪን ሄደ። ወዲያው ጦርነት ሆነና የእሱ ቡድን ወታደር በጀርባው የሚያዝለውን ሬዲዮ ሠራ። 16 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ያንን ተሸክሞ ዳገት መውጣትን አስቡት።

ከጦርነቱ በኋላ የፖሊስ መኪና ያለ ሬዲዮ የማይታሰብ ሆነ። ችግሩም የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮው ከባድ ነው፣ ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይገጠማል፣ ኃይል የሚወስደው ከመኪናው ባትሪ ነው። ፖሊሱ መኪናው ውስጥ እስካለ ድረስ ከተማው ሁሉ ያገኘዋል። በሩን ከፍቶ ወርዶ ሃያ እርምጃ ከሄደ ግን ጠፋ። ደረጃ ቢወጣ፣ ሱቅ ቢገባ፣ ሌባ አባሮ ጓሮ ቢዘል፣ ማንም አያገኘውም። ብቻውን ነው። እርዳታ ቢፈልግ እንኳ እርዳታው ያለው መኪናው ውስጥ ነው። ስለዚህ አይወርድም። በመስኮት እያየ ያልፋል። የሠፈሩ ሰው ስሙን አያውቀውም፣ እሱም የሠፈሩን ሰው አያውቅም።

ማርቲን ኩፐር የተወለደው የዲትሮይቱ ሬዲዮ ሥራ በጀመረበት በዚያው በ1928፣ ቺካጎ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከዩክሬን የመጡ አይሁድ ስደተኞች ነበሩ። በ1950 ከኢሊኖይ ቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። በኮርያ ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ገባ፤ የሰርጓጅ መርከብ መኮንን ነበር። በ1954 ሞቶሮላ ተቀጠረ። እየሠራ ተምሮ በ1957 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ።

የሥራ ዝርዝሩን ስታዩት የአንድ ትልቅ ፈጣሪ አይመስልም። የሰፈር ጥገና ባለሙያ ይመስላል። በ1960 የትራፊክ መብራትን በሬዲዮ የሚቆጣጠር ሥርዓት የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ የሞቶሮላ ሬዲዮዎች ውስጥ የሚገባው የኳርትዝ ክሪስታል ላይ የነበረ እንከን እንዲስተካከል አደረገ። ከዚያ አንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ይሠራ የነበረውን ፔጀር (አጭር ጥሪ ብቻ የሚቀበል የኪስ መሣሪያ) ብዙ ከተማ እንዲያዳርስ አደረገ።

ክሪስታሉን እንደ ትንሽ ነገር እንዳታዩት። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ቻናሉን የሚጠብቀው በዚያች ትንሽ ጠጠር ነው። ቻናል መቀየር ማለት ክሪስታል መቀየር ነበር። አብሮን ይሠራ የነበረ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋ ቴክኒሻን መሳቢያው ውስጥ የቆዩ ክሪስታሎች በብልቃጥ ያስቀምጥ ነበር። ማንም አይጠቀምባቸውም። ለምን አትጥላቸውም ስንለው "እናንተ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ስታደርጉ ስላደጋችሁ ነው" ይለን ነበር። ልክ ነው። ሬዲዮን በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ አሥራ ስድስት ቻናል በአንድ ጊዜ መጫን ለለመደ ሰው የዚያን ዘመን ልፋት መገመት ይከብዳል።

አሁን ወደ ቺካጎ እንምጣ።

ኩፐር እንደሚተርከው የከተማዋ ፖሊስ ያነሳው ችግር ቀላል ነበር። ፖሊሶቹ ከሕዝቡ መሀል እንዲገኙ ይፈለጋል፤ መገናኛቸው ግን ከመኪናው ጋር አስሯቸዋል። ጥያቄው እንግዲህ ሬዲዮውን እንዴት ከመኪናው አውርደን ሰውየው ላይ እናድርገው የሚል ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ መልሱ ትንሽ ሬዲዮ መሥራት ብቻ ነው። በእርግጥ ትራንዚስተር በመምጣቱ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ መሥራት ይቻል ነበር፤ ሞቶሮላም በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሬዲዮ ነበረው። ከባዱ ነገር ግን ሬዲዮው አይደለም። ከተማው ነው። ማዕከሉ ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ ትልቅ አንቴና ተክሎ በከፍተኛ ኃይል ይልካል። ፖሊሱ ጥሩ አድርጎ ይሰማዋል። የእሱ ሬዲዮ ግን ኃይሉ ጥቂት ዋት ነው። ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ግማሹን ሞገድ ሰውነቱ ይውጠዋል፣ ዙሪያው ብረትና ኮንክሪት ነው። እሱ ማዕከሉን ይሰማል፣ ማዕከሉ እሱን አይሰማም። የዲትሮይቱ ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የተገኘው መፍትሔ ሳስበው እስካሁን ያስደስተኛል። የፖሊሱን ድምፅ ማሳደግ ካልተቻለ የማዕከሉን ጆሮ ማብዛት ነው። በየሠፈሩ ተቀባይ ሬዲዮዎች ይተከላሉ። እያንዳንዳቸው የሰሙትን በስልክ መስመር ወደ ማዕከሉ ይልካሉ። እዚያ ያለ መሣሪያ ደግሞ ከሁሉም መጥራቱን የሰማውን ይመርጣል። ፖሊሱ ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ሲሄድ አንዱ ተቀባይ ይለቀዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል። እሱ ምንም አያውቅም። ወሬውን ይቀጥላል። ይህ በ1967 ለቺካጎ ፖሊስ የተሠራው ሥርዓት ነው።

እስቲ ይህንን ከዛሬው ስልካችሁ ጋር አስተያዩት። ከቦሌ ወደ መገናኛ በታክሲ እየሄዳችሁ ስታወሩ የሚሆነው ይኸው አይደል? አንዱ ማማ ይለቃችኋል፣ ሌላው ይቀበላችኋል። በእርግጥ ከተማን በሴሎች ከፋፍሎ ያንኑ ሞገድ ደጋግሞ የመጠቀም ሐሳብ የኩፐር አይደለም። የቤል ላብስ ሰዎች በ1947 በወረቀት ላይ አስፍረውት ነበር። ሐሳቡ የእነሱ ነው፤ ይህ አይካድም። የሚገርመው ግን እነሱ ይህን ሐሳብ ይዘው ሲያልሙ የነበረው መኪና ውስጥ ስለሚገጠም ስልክ መሆኑ ነው።

የመኪና ስልክ በ1946 ሴንት ሉዊስ ላይ ተጀምሯል። ዕቃው ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። በ1971 ኤቲ ኤንድ ቲ የሬዲዮ ሞገድ ለሚያከፋፍለው ለአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሴሉላር ዕቅዱን ሲያቀርብ ልቡ ያለው አሁንም መኪናው ላይ ነው። ሞቶሮላ ደግሞ ከፖሊሶች፣ ከአምቡላንስ ሠራተኞች፣ ከሆስፒታልና ከአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ጋር ዓመታት ሠርቷል። ሰው ሬዲዮውን አንዴ ወገቡ ላይ ካደረገ በኋላ ወደ መኪናው እንደማይመልሰው አይቷል። ኩፐር ሁሌም የሚለው ነገር አለ፤ ሰው መነጋገር የሚፈልገው ከሰው ጋር እንጂ ከቤት፣ ከቢሮ ወይም ከመኪና ጋር አይደለም። ይህ ንግግር ዛሬ ተራ ይመስላል። ያኔ ግን የዓለም ትልቁን የስልክ ድርጅት ተሳስተሃል ማለት ነበር።

ነገሩን ቅዱስ አናድርገው ግን። ሞቶሮላ የተጋደለው ለሰው ልጅ ነፃነት ብቻ ብሎ አይደለም። ኤቲ ኤንድ ቲ ሞገዱን ብቻውን ከያዘው የሞቶሮላ የሬዲዮ ገበያ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ኮሚሽኑን የሚያሳምን፣ ጋዜጠኛ ፎቶ የሚያነሳው፣ በእጅ የሚጨበጥ ነገር በአስቸኳይ ያስፈልግ ነበር። በሦስት ወር ሠሩት። ቅርጹን ያወጣው ሩዲ ክሮሎፕ የሚመራው የዲዛይን ቡድን ነው። የፈጠራ መብቱ ሰነድ ላይም ኩፐር ብቻውን አይደለም፤ አለቃው ጆን ሚቸልና ሌሎች መሐንዲሶች አብረው አሉ። "የሞባይል አባት" የሚለው ማዕረግ ለአንድ ሰው ሲሰጥ እኔ ትንሽ ይጎረብጠኛል። ኩፐርም ቢሆን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ ነው ማለቱን አልተወም።

ስለ ባትሪው አንድ ነገር ልበል። የዚያ ስልክ ባትሪ አሥር ሰዓት ተሞልቶ ለሃያ ደቂቃ ያህል ያናግራል። ኩፐር ስለዚህ ሲጠየቅ ይቀልዳል፤ ስልኩ ከመክበዱ የተነሳ ከዚያ በላይ ይዞት የሚቆይ ሰው ስለሌለ ችግር አልነበረም ይላል። የእኛ የጥበቃ ኃላፊዎች ይህን ቀልድ ቢሰሙ አይስቁም ነበር።

ከዚያች የኒውዮርክ ቀን እስከ ገበያ ድረስ አሥር ዓመት ፈጀ። ኮሚሽኑ ለገበያ የተዘጋጀውን ስልክ፣ ዳይናታክን፣ ያጸደቀው በሴፕቴምበር 1983 ነው። ዋጋው 3,995 ዶላር። ሞቶሮላ እስከዚያ ድረስ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል አፍስሶበታል። ለፖሊስ ተብሎ የተጀመረው ሐሳብ መጀመሪያ የደረሰው የናጠጡ ነጋዴዎች እጅ ነው። ወደ እኛ አገር ሞባይል የገባው በ1999 ነው፤ ያኔም ቢሆን ስልክ የያዘ ሰው ካፌ ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጠው አይቀመጥም ነበር።

እዚህ ላይ ተራኪዎች ሁሉ ታሪኩን ይዘጉታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ሁለት ነገር ተከትሏል፤ ሁለቱም ከሕዝብ ደኅንነት ጋር የተያያዙ ናቸው።

አንደኛው፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ሕዝቡ ኪሱ ውስጥ የዓለምን ካርታ ሲይዝ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው የአባቱን ዘመን የመሰለ ሬዲዮ ይዞ ቀረ። ይህ በምን ያህል ዋጋ እንደተከፈለ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ታየ። ኒውዮርክ ውስጥ ለመንትያዎቹ ሕንፃዎች የእሳት አደጋ ሬዲዮን የሚያግዝ ሪፒተር፣ ማለትም ደካማውን ሞገድ ተቀብሎ አጉልቶ መልሶ የሚልክ መሣሪያ፣ ተገጥሞ ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት ሪፒተሩ በርቷል። ነገር ግን ሎቢው ውስጥ ያለው ዋና መነጋገሪያ እንዲሠራ መጫን ያለበት ሁለተኛ ቁልፍ አልተጫነም። አለቆቹ ሲሞክሩት የማይሠራ መሰላቸው። ሰሜኑ ሕንፃ ላይ ቻናሉን ትተው በሌላ ሠሩ። ደቡቡ ሕንፃ ከወደቀ በኋላ ውጡ የሚለው ትእዛዝ ሲተላለፍ ሰሜኑ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ አልሰሙትም። ሰምተውም ሰው ጥለው መውጣት ያልፈለጉ ነበሩ። የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ከላይ ሆነው ያዩትን ይናገሩ ነበር፤ የሚናገሩት ግን በፖሊስ ቻናል ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አይሰሙም። በዚያ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ።

ስለዚያች ቁልፍ ባነበብኩ ጊዜ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሪፒተር የገጠመ ሰው ያውቀዋል። ማሽኑ ደህና ነው፣ አንቴናው ደህና ነው፣ ኃይል አለ። ግን አንድ ነገር አልተጫነም። እኛ ገጥመን ስናስረክብ ለተረኛው ሁሉ ማስረዳት ያሰለቸን ነበር፤ ተረኛው ይቀየራል፣ አዲሱ አያውቅም፣ ወረቀቱም ይጠፋል። እንደገና እንጠራለን። እንደምንሰለች ደንበኛው እንዳያውቅብን ፈገግ እንላለን።

ከዚያ አደጋ በኋላ አሜሪካኖች ዓመታት ተከራክረው በ2012 ለደኅንነት ሠራተኞች የሚሆን አገር አቀፍ የሞባይል ኔትዎርክ በሕግ አቋቋሙ፤ ፈርስትኔት ይባላል። በ2017 ሥራውን የወሰደው ማን መሰላችሁ? ኤቲ ኤንድ ቲ። ኩፐር ሞኖፖሊ ይሆንብናል ብሎ የተሟገተው ድርጅት ስም። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያላግጣል። ዛሬ ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ተጭነው የሚናገሩበት ስልክ አላቸው። ሕዝቡ ኔትዎርኩን ሲያጨናንቅ የእነሱ ጥሪ ቅድሚያ ያገኛል። እኔ ግን ሬዲዮውን ጣሉት አልልም። ማማው ቢወድቅ ሁለት ሬዲዮዎች ያለ ምንም ማማ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። ስልኮች ይህን እንዲያደርጉ የሚያስችል ደረጃ ወጥቶላቸዋል፤ ወገብ ላይ ያለውን ሬዲዮ ያህል ግን ገና አልተለመደም።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ኩፐር ስልክን ከቦታ ነጥሎ ለሰው ሰጠው። ድሉ ይህ ነው። አምቡላንስ ግን የሚፈልገው ቦታውን ነው።

በመስመር ስልክ ዘመን ቁጥር ማለት ቤት ማለት ነበር። አሜሪካ ውስጥ 911 የሚለው የአደጋ ጥሪ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ የተደወለው በፌብሩዋሪ 1968፣ አላባማ ውስጥ ሄይሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ እያደገ ሲሄድ ደዋዩ ባይናገር እንኳ አድራሻው ተቀባዩ ፊት ስክሪን ላይ ይወጣ ጀመር። ራሱን የሳተ ሰው፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሌባ እንዳይሰማው የሚያንሾካሹክ ሴት፣ ሁሉም ይገኛሉ። ሞባይል መጣና ይህንን አፈረሰው። ቁጥሩ የሰው ሆነ፤ ሰውየው የት እንዳለ ማን ያውቃል? ተቀባዩ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ እንደገና "የት ነው ያሉት?" ሆነ።

የአሜሪካ ኮሚሽን ይህን እንዲያስተካክሉ የሞባይል ድርጅቶችን ያስገደደው በ1996 ነው። መጀመሪያ የትኛው ማማ እንደያዘው ንገሩ አለ። ቀጥሎ ቦታውን በሜትር ንገሩ አለ። በስልኩ ውስጥ ባለ ጂፒኤስ ለሚሠሩት የወጣው መለኪያ ከመቶ 67 ጥሪ በ50 ሜትር፣ ከመቶ 95 ጥሪ ደግሞ በ150 ሜትር ውስጥ እንዲገኝ የሚል ነበር። በሜይ 2000 የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ ያዛባው የነበረውን የሲቪል ጂፒኤስ ሞገድ ስለለቀቀው ነገሩ ቀለለ። አውሮፓውያን ደግሞ ሌላ ዘዴ አመጡ። ብሪታንያ ውስጥ በ2014 የተጀመረ ነው። ሰው የአደጋ ቁጥር ሲደውል ስልኩ ራሱ ጂፒኤሱንና ዋይፋዩን ከፍቶ ቦታውን ፈልጎ በጽሑፍ መልእክት ይልካል። ደዋዩ ምንም አይነካም። ቀላል፣ ርካሽ፣ በነበረው ስልክ የሚሠራ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም የምወደው ፈጠራ ይህ ነው። ኩፐርን የሚያህል ስም ያለው ሰው የለውም።

እኛ ጋ ቁጥሮቹን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939። አድራሻችን ግን የሚነገር እንጂ የሚጻፍ አይደለም። አንድ ሌሊት ጎረቤታችን እትዬ ትንፋሽ አጠራቸው። ደወልን። ከዚያ የሆነውን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። "ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ኮብልስቶኑን ይዞ ወደ ውስጥ..." ሾፌሩ ሌላ ዳቦ ቤት ጋ ደረሰ። መልሶ ደወለ። ልጄ ስልኩን ይዞ አስፋልት ድረስ ሮጠ። "ቀጥል፣ ቀጥል፣ መብራቱ ታየኝ፣ አሁን ወደ ግራ!" እያለ መራው። እትዬ ኦክስጅን አግኝተው ዳኑ፤ አሁንም ቡና ሲያፈሉ ይጠሩናል።

ያን ሌሊት ሁለቱንም አየሁ። ሞባይሉ ባይኖር ሾፌሩ ከልጄ ጋር እየተነጋገረ አይደርስም ነበር። ሞባይሉ ግን የት እንዳለን አልተናገረም፤ የተናገረው ልጁ ነው።

ኩፐር በኋላ የራሱን ድርጅቶች አቋቋመ። ባለቤቱ አርሊን ሃሪስም የፈጠራ ሰው ናት፤ በ2006 ጂተርበግ የሚባል፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ ለአዛውንት የሚሆን ስልክ ያወጣችው እሷ ናት። ድርጅቷ በኋላ በአንድ ቁልፍ ከእርዳታ ሠራተኛ ጋር የሚያገናኝ አገልግሎት ጨመረበት። ከቺካጎው ፖሊስ ወገብ ተነስቶ ብቻዋን የምትኖር አያት ቦርሳ ውስጥ ገባ ማለት ነው። እኔ ብሆን ከዳይናታኩ ይልቅ ስለዚህኛው ብዙ እጽፍ ነበር።

አሁን የቀረው ትግል ወደ ላይ ነው። ካርታ ላይ ሕንፃውን ማግኘት ይቻላል፤ ስንተኛ ፎቅ መሆኑን ግን ካርታ አይናገርም። በ2019 የአሜሪካ ኮሚሽን የደዋዩ ከፍታ ከመቶ 80 ጥሪ በሦስት ሜትር ልዩነት ውስጥ እንዲታወቅ የሚል መለኪያ አወጣ። ሦስት ሜትር አንድ ፎቅ ያህል ነው። ብዙ ስልኮች ውስጥ የአየር ግፊት የሚለካ ትንሽ ሴንሰር አለ፤ ከፍ ባልን ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ ፎቁ ይገመታል። ዝናብ ሲመጣም ግን ግፊቱ ይቀየራል። ስለዚህ በአካባቢው የተተከለ ሌላ መለኪያ እያረመው መሄድ አለበት። የክረምት ደመና በአንድ ከሰዓት የሚያመጣው ለውጥ ብቻውን ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ሰው አራተኛ ፎቅ ሊያስመስለው ይችላል።